«እግሬን ያነሳው መርፌው ነው» ከማለታችን በፊት

ሰሞኑን አራት ጓደኞቼ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ላኩልኝ። ጽሑፉ እግራቸው ስለደከመባቸው ሰዎች ነው። ሲራመዱ የእግራቸው ፊት አልነሳ ብሎ መሬት ስለሚጎትተው፣ ሐኪሞች ፉት ድሮፕ ስለሚሉት ችግር። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ እግሩ የወደቀው ነርቭ ተዘግቶ ነው፤ አኩፓንክቸር፣ ማለትም የቻይና መርፌ፣ ይከፍተዋል፤ አንድ ሰው በ6 ሳምንት 12 ጊዜ ተወግቶ ድኗል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም መስክሯል፤ መርፌው ምንም ጉዳት የለውም፤ ስለዚህ እግር እንዳይጎተት ጫማ ውስጥ የሚደረገውን የፕላስቲክ ድጋፍ ጣሉና ሞክሩት።

ለምን ለእኔ እንደላኩት ይገባኛል። የዛሬ ሦስት ዓመት የእኔም ቀኝ እግር ወድቆ ነበር። መርፌውንም ወስጃለሁ። ድኛለሁም። ጸሐፊው ለምስክርነት ቢጠሩኝ አይፈረድባቸውም። ግን የሆነውን ሁሉ ከተናገርኩ ምስክርነቴ ለእሳቸው አይሆንም።

የሁዳዴ ጾም ሊያልቅ ሰሞን ነበር። ከጾሙ በፊት ታይፎይድ ይዞኝ በጣም ከስቻለሁ። አክስቴ አረፈችና ልቅሶ ቤት ሦስት ቀን ፍራሽ ላይ እግሬን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። በሦስተኛው ቀን ማታ ልነሳ ስል ቀኝ እግሬ ደንዝዟል። ተኝቶ ነው ብዬ አሸሁት። ጠዋት ወደ ጓሮ ስወጣ ነጠላ ጫማዬ ከእግሬ ወልቆ ኋላዬ ቀረ። መልሼ አጠለቅኩት። ሁለት እርምጃ እንደሄድኩ እንደገና ወለቀ። ጎንበስ ብዬ ጣቶቼን አየኋቸው። ተነሱ እላቸዋለሁ፣ አይነሱም። ያን ጊዜ የተሰማኝን ፍርሃት እስካሁን አልረሳውም።

«ብርድ ነው» አሉ ጎረቤቶች። እትዬ አንዷ ቅባኑግ ሞቅ አድርገው አሹኝ። ዋግምት የመከረኝም ነበር። ሁሉም ከልባቸው ነው። ሁሉም ግን አንድ ጥያቄ ዘለዋል፤ ጽሑፉም የዘለለው እሱኑ ነው። እግሩ የወደቀው ከምን የተነሳ ነው?

ጸሐፊው «ነርቭ ሲዘጋና ደም መዘዋወር ሲያቅተው» ይላሉ። ከጽሑፉ ሁሉ በጣም ያሳሰበኝ ይህ ነው፤ ሌላው ስሕተት የሚመጣው ከዚሁ ነውና። ነርቭ ቧንቧ አይደለም። ቆሻሻ ይዞት የሚዘጋ፣ በመርፌ ሲነካ የሚከፈት ነገር አይደለም። ሐኪሜ ያስረዳኝ በመብራት ሽቦ ነው። መሐሉ ላይ መልእክት የሚያልፍበት ክር አለ፣ ላዩ ላይ ሽፋን አለ። ሽፋኑ ብቻ ሲላጥ አንድ ነገር ነው። ክሩ ሲበጠስ ሌላ ነገር ነው።

ጣታችሁን ከጉልበታችሁ በስተውጭ በኩል ትንሽ ዝቅ አድርጉት። ጎላ ያለች አጥንት ታገኛላችሁ። ከቅልጥም ጎን የሚወርደው የቀጭኑ አጥንት ራስ ናት። እግርን ወደ ላይ የሚያነሱትን ጡንቻዎች የሚያዘው ፔሮኒያል የሚባለው ነርቭ ከእሷ ሥር ዞሮ ያልፋል። እዚያ ቦታ ከቆዳና ከጥቂት ስብ በቀር የሚከልለው የለም። እግር አጣጥፎ ብዙ ሰዓት መቀመጥ፣ ቁጢጥ ብሎ መሥራት፣ የጠበቀ ጀሶ፣ ወጌሻ ጥርቅም አድርጎ ያሰረው እንጨት፣ ሁሉም ይጫነዋል። የከሳ ሰው ደግሞ ያቺም ስብ ስለሌለችው ቶሎ ይጎዳል። የእኔ ታሪክ ይኸው ነው።

የሌላው ሰው ታሪክ ግን ሌላ ነው። ወገብ ላይ ዲስክ ተንሸራትቶ የነርቩን ሥር ሲጫን እግር ይወድቃል። ስትሮክ ሲሆንም ይወድቃል፤ ያኔ ጉዳቱ ያለው እግር ላይ ሳይሆን አንጎል ውስጥ ነው። ስኳርም ነርቭን ቀስ በቀስ ይበላል። መቀመጫ ላይ የተወጋ የመድኃኒት መርፌ ቦታውን ስቶ ትልቁን የእግር ነርቭ ሲያገኘውም ይወድቃል። ለዚህ ነው መቀመጫ ላይ ሲወጋ ከላይና ወደ ውጭ በኩል ባለው ሩብ መሆን ያለበት። ልጇ ከመርፌ በኋላ ማነከስ የጀመረባት እናት በመንደራችን አትጠፋም።

የሥጋ ደዌም አለ። የድሮ በሽታ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ግን አገራችን ውስጥ ዛሬም አዲስ ሰው ይያዛል። የሥጋ ደዌ ይህንኑ ከጉልበት ሥር ያለውን ነርቭ ይወዳል። ያወፍረዋል፣ ከዚያ ያደክመዋል። ቆዳው ላይ ነጣ ወይም ቀላ ያለ፣ ሲነኩት የማይሰማ ምልክት ካለ እና እግሩ መጎተት ከጀመረ መጠርጠር ያለበት እሱ ነው። መድኃኒቱ በነጻ ይሰጣል። ቶሎ ከተጀመረ ነርቩን ማዳን ይቻላል። በ1965 እ.ኤ.አ. ለዚሁ በሽታ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመው አለርት አዲስ አበባ ውስጥ አለ። እንዲህ ያለ ሰው ጽሑፉን አንብቦ ወደ መርፌ ቤት ቢሄድ በየሳምንቱ ነርቩን እያጣ ነው የሚከርመው። ጸሐፊው ይህን አስበውበት ይሆን?

ወደ ዳነው ሰውዬ ልምጣ። 12 መርፌ፣ 6 ሳምንት፣ ዳነ። እመኑኝ፣ ሰውዬው ዋሸ አልልም። በእኔ የደረሰውን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ሐኪም ቤት የሄድኩት በአምስተኛው ቀን ነው። ሐኪሟ አልጋ ላይ አስቀምጣ «እግርሽን ወደ ላይ ሳቢ» አለችኝ። አልሆነም። «ወደ ውጭ አዙሪ።» አልሆነም። «ወደ ውስጥስ?» ሆነ። «ወደ ታች ግፊኝ።» እሱም ሆነ። ፊቷ ትንሽ ፈታ አለ። ወደ ውስጥ ማዞሩ ከሠራ ችግሩ ወገብ ላይ ሳይሆን ጉልበት አጠገብ መሆኑን እንደሚያሳይ ነገረችኝ፤ ሁለቱን የሚያዙት ነርቮች የተለያዩ ናቸውና። ተረከዜን፣ ዳሌዬን፣ ወገቤን ሁሉ ፈተሸች። ከዚያ «ከሦስት ሳምንት በኋላ የነርቭ ምርመራ እናደርጋለን» አለች። ለምን ዛሬ አይሆንም ብዬ ተቆጣሁ። የተጎዳ ነርቭ ምልክቱን በምርመራው ላይ ጥርት አድርጎ የሚያሳየው ይህን ያህል ጊዜ ሲያልፈው እንደሆነ አስረዳችኝ። በሦስት ሳምንቱ ተመረመርኩ። ክሩ አልተበጠሰም። ሽፋኑ ነው የተጎዳው። ካርዴ ላይ በእጇ ጻፈች፦ «ከ2 እስከ 3 ወር ውስጥ ይመለሳል ተብሎ ይጠበቃል።»

ያቺ ካርድ አሁንም እጄ ላይ አለች። የተጻፈችው አንድም የቻይና መርፌ ሳልወጋ ነው።

መርፌውን የጀመርኩት በስድስተኛው ሳምንት ነው። ትዕግሥቴ አልቆ ነበር። የወንድሜ ሚስት ወስዳኝ ጀመርኩ። አምስተኛውን በወሰድኩ በሁለተኛው ቀን፣ በዘጠነኛው ሳምንት መሆኑ ነው፣ ጠዋት አልጋ ላይ ሆኜ አውራ ጣቴ ንቅንቅ አለች። ጮህኩ። ቤተሰቡ ሁሉ መጥቶ አልጋው ዙሪያ ቆመ። «በይ እስቲ ድገሚው!» ደገምኩት። «መርፌው ነው! መርፌው ነው!» ተባለ። እኔም ያን ቀን እንደዚያው አልኩ። አልቅሼም አልኩ።

በኋላ ካርዷን ሳያት ግን ዝም አልኩ። ዘጠነኛው ሳምንት ማለት ሐኪሟ ከጻፈችው ጊዜ መሐል ነው። መርፌው ባይኖርስ ጣቴ በዚያው ቀን አትነቃነቅም ነበር? ማንም ሊነግረኝ አይችልም። የጽሑፉ ሰውዬም እንዲሁ ነው። ነርቩ የተጎዳው የት ነው? ክሩ ነው ሽፋኑ? መርፌውን የጀመረው እግሩ በወደቀ በስንተኛው ሳምንት ነው? ጽሑፉ አንዱንም አይነግረንም።

ይህ ልዩነት የትናንት ግኝት አይደለም። በ1943 እ.ኤ.አ. ሰዶን የሚባል እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም የጦርነት ቁስለኞችን እያከመ የነርቭ ጉዳትን በሦስት ደረጃ ከፍሎታል። ሽፋኑ ብቻ የተጎዳው በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ ራሱ ይመለሳል። ክሩ ተበጥሶ ውጫዊ ሰገባው የቀረለት በቀን 1 ሚሊሜትር አካባቢ እያደገ ይመለሳል፤ በወር 3 ሳንቲሜትር ገደማ ማለት ነው። ጨርሶ የተቆረጠው ያለ ቀዶ ሕክምና ጥሩ ተስፋ የለውም።

እስቲ በዚህ ሒሳብ እናስላው። ጉልበት አጠገብ የተጎዳ ክር ጡንቻው ጋ ለመድረስ 10 ሳንቲሜትር ቢቀረው ከሦስት ወር በላይ ይፈጃል። የአዋቂ ሰው መቀመጫ ላይ የተጎዳ ነርቭ ግን 50 ሳንቲሜትርና ከዚያም በላይ መሄድ አለበት። አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ማለት ነው። ጡንቻው ደግሞ ዝም ብሎ አይጠብቅም። ነርቭ ካጣ ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ እየሟሸሸ መመለሻውን ያጣል። ነርቭ ማሻሻል ካልጀመረ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ቀዶ ሐኪም ይየው የሚባለው ለዚህ ነው። «እስቲ 12 መርፌ፣ ካልሆነ ሌላ 12» የሚባለው ከዚህ ጊዜ ላይ ተቀንሶ ነው።

አንድ የማውቀው የታክሲ ሾፌር በዚህ ተጎድቷል። እግሩ የወደቀው በወገቡ ዲስክ ነበር። አራት ወር መርፌ ሲወጋ ከረመ። ሕመሙ ቀለል ስላለው ድኛለሁ ብሎ አመነ። ሕመሙ ሲቀንስ ድካሙ ግን ባለበት ነበር። ኤምአርአይ ሲነሳ ቀዶ ሐኪሙ «ቀደም ብለህ ብትመጣ ዕድልህ የተሻለ ነበር» አለው። ዛሬም በድጋፍ ነው የሚሄደው። ፍሬንና ነዳጅ የሚረግጠው በዚያው እግሩ ስለነበር ሥራውን ለወጠ።

«የዓለም ጤና ድርጅት መስክሯል» ለሚለው። ድርጅቱ ከ20 ዓመት በላይ በፊት በአኩፓንክቸር ላይ የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስቦ አንድ ዘገባ አውጥቷል፤ እውነት ነው። የበሽታ ዝርዝርም አለው። ነገር ግን በዚያን ጊዜ ከተሰበሰቡት ጥናቶች ብዙዎቹ ደካማ ስለነበሩ ዘገባው ተተችቷል። ከዚያ ወዲህ የተሻለ ሥራ ተሠርቷል። ተመራማሪዎች ጫፏ ወደ እጀታዋ የምትገባ የማስመሰያ መርፌም አለቻቸው። ቆዳን ትነካለች፣ ትቆነጥጣለች፣ አትገባም። ሕመምተኛው የቱን እንደወሰደ አያውቅም። በ2012 እ.ኤ.አ. ወደ 18 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች የተሳተፉባቸው ጥናቶች አንድ ላይ ተሰልተው ነበር። እውነተኛው መርፌ ለቆየ የወገብ፣ የአንገት፣ የጉልበትና የራስ ሕመም ከማስመሰያው በመጠኑ ይሻላል የሚል ውጤት ወጣ። በመጠኑ ነው፣ ግን ይሻላል። ይህን ደስ ብሎኝ እናገራለሁ። የእኔንም የወገብ ሕመም አቅልሎልኛል።

ሕመም ግን ሕመም ነው። የማይነሳ እግር ሌላ ነው። ከስትሮክ በኋላ ስላለው ድካም ኮክሬን የሚባለው የጥናት ገምጋሚ ተቋም በ2016 እ.ኤ.አ. 31 ጥናቶችን መርምሯል። አንዳንዶቹ ጥሩ ውጤት ያሳያሉ፤ አብዛኞቹ ግን ጥራታቸውም መጠናቸውም በቂ ስላልሆነ ቁርጥ ያለ ነገር መናገር አይቻልም ነው ያለው። ጸሐፊው የጠቀሱት የአይጥ ጥናትስ? አዎ፣ ነርቯ የተጨፈለቀ አይጥ ላይ መርፌና ኤሌክትሪክ ሲደረግ ማገገሙን እንዳፋጠነ የሚናገሩ ጥናቶች አሉ። የአይጥ እግር ግን አጭር ነው። ነርቯ የሚሄደው መንገድ ትንሽ ስለሆነ የተጨፈለቀባት አይጥ ያለ ምንም ሕክምናም በሳምንታት ውስጥ ትራመዳለች። የጥናት መነሻ ይሆናል። ለታመመ ሰው ቃል ለመግባት አይበቃም።

ስለ አሜሪካዊው ጋዜጠኛም አንድ ነገር። ጸሐፊው «በመርፌ ብቻ ደንዝዞ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት» ብለዋል። ጄምስ ሬስተን ነው። በሐምሌ 1971 እ.ኤ.አ. ቤጂንግ ውስጥ ትርፍ አንጀቱ ወጣለት። የተደነዘዘው በተለመደው የማደንዘዣ መድኃኒት ነው። መርፌው የመጣው በማግስቱ ማታ፣ ሆዱ ተነፍቶ ሲጨንቀው ነው፤ ክርኑ ላይና ከጉልበቶቹ በታች ተወጋ፣ ቀለለው። ራሱ የጻፈው ይህን ነው።

«ምንም ጉዳት የለውም» የሚለውን ቀስ ብለን እንየው። ንጹሕ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል መርፌ በሠለጠነ እጅ ሲወጋ ከባድ ጉዳት የሚያደርሰው አልፎ አልፎ ነው። እስማማለሁ። ግን ለወደቀ እግር ከሚወጉት ቦታዎች ዋነኛው ቅድም በጣታችሁ ካገኛችኋት አጥንት ፊት ለፊት ዝቅ ብሎ ያለው ነው። ነርቩ የሚያልፈው እዚያው አጠገብ ነው። በመርፌ ምክንያት ይኸው ነርቭ ተጎድቶ እግር እንደወደቀ በሕክምና መጽሔቶች ላይ ተዘግቧል። ብዙ አይደለም፣ ግን አለ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው መናገር አለበት። ስኳር ያለበትና እግሩ የደነዘዘ ሰው ደግሞ የመርፌዋ ቁስል ብታመረቅዝ አይሰማውም። እኔ በሄድኩበት ቤት ከእነዚህ አንዱንም የጠየቀኝ የለም።

አሁን የምቆጣበት ነገር ላይ ደረስኩ። «የፕላስቲክ ድጋፍ እግርን ያሰንፋል፣ ጣሉት።» እባካችሁ አትጣሉት!

የወደቀ እግር ይዞ መሄድ ምን እንደሚመስል ያላየው ሰው አያውቅም። ጉልበቴን እንደ ሽመላ ከፍ አድርጌ ነበር የምራመደው። እግሬ መሬት ሲደርስ ጧ ይላል። ሊሾ ወለል ላይ ሁለት ክፍል ድረስ ይሰማል። ደረጃ ስወጣ የጫማዬ ጫፍ ይያዛል። አንድ ቀን ሚኒባስ ስገባ እግሬ መርገጫው ላይ ተያዘና በግንባሬ ሄድኩ። ረዳቱ ባይዘኝ ጥርሴ ይረግፍ ነበር። ድጋፉን ካደረግሁ በኋላ አንድም ቀን አልወደቅሁም። ጫማ ውስጥ የሚገባ ስስ ፕላስቲክ ነው፤ ከባት ኋላ ወርዶ ከውስጥ እግር ሥር ይታጠፋል። ጫማ በአንድ ቁጥር ከፍ አድርጎ መግዛት ነው እንጂ ሌላ ጣጣ የለውም።

ሁለተኛው ጥቅሙ የበለጠ ነው። የሚጎትተው የሌለ እግር ቀንና ሌሊት ወደ ታች እንደተንጠለጠለ ይቆያል። የተረከዝ ጅማት ያጥራል። ከወራት በኋላ ነርቩ ቢመለስ እንኳ ጅማቱ አልለቅም ይላል። ፊዚዮቴራፒስቷ ያስተማረችኝ ይህን ነው፦ መሬት ላይ እግር ዘርግቶ መቀመጥ፣ ነጠላ በእግር ፊት ላይ አዙሮ በሁለት እጅ ወደ ራስ መሳብ፣ 30 ሰከንድ ያህል መያዝ፣ መልቀቅ፣ መድገም። ጠዋትና ማታ። ነጠላ በየቤቱ አለ። ጡንቻው ትንሽ ትንሽ መንቀሳቀስ ሲጀምር ደግሞ ጣት ማንሳት፣ ቀጥሎ በተረከዝ መቆም። ድጋፉንም ያወለቅኩት እሷ ጡንቻዬን ለክታ «አሁን ቤት ውስጥ ያለሱ ሂጂ» ስትለኝ ነው። ነርቩ ጨርሶ ካልተመለሰም መንገድ አለ። ጤነኛ ጅማት ከውስጥ በኩል አምጥቶ እግርን እንዲያነሳ የሚያደርግ ቀዶ ሕክምና ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ለብዙ ዓመታት ሲሠራ ኖሯል።

ጽሑፉ አንድ ቦታ ላይ ልቤን ነክቶታል። «ሐኪሙ አምስት ደቂቃ አላየኝም፣ መርፌ ወጊው ግን አርባ ደቂቃ አዳመጠኝ» የሚለው ላይ። እውነት ነው። እኔ ዕድለኛ ሆኜ ሐኪሟ ጊዜ ሰጠችኝ፤ ግን ከእኔ ፊት የነበሩት አዛውንት ወረቀት ይዘው ግራ ተጋብተው ሲወጡ አይቻለሁ። «ልጄ፣ ምን አለኝ?» ብለው እኔን ጠየቁኝ። ስንት ወር እንደሚፈጅ ያልተነገረው ሰው ተስፋ ወደሚሰጠው ይሄዳል፤ ማን ይከለክለዋል? የመርፌ ቤቱ ሰውዬም በስሜ ጠሩኝ፣ እንቅልፌን ጠየቁኝ፣ እግሬን በሁለት እጃቸው ይዘው አዩት። ያ ነገር አበርትቶኛል። ነጠላዬን ይዤ የምሠራውን እንቅስቃሴ ሳላቋርጥ የቀጠልኩትም በከፊል በእሳቸው ማበረታታት ነው። ሐኪሞቻችን ይህን ቢሰሙ እወዳለሁ።

መርፌ አትወጉ አላልኩም። ሕመም ያለበት ሰው፣ ምርመራውን የጨረሰ፣ ድጋፉን ያደረገ፣ እንቅስቃሴውን የሚሠራ ሰው፣ ገንዘቡ ካለው ቢጨምርበት አልቃወምም። ለሐኪሙ ይንገር፣ ለመርፌ ወጊውም መድኃኒቶቹን ይንገር።

ለጸሐፊው አንድ ጥያቄ አለኝ። ጽሑፍዎ መጨረሻ ላይ «ሞክሩት፣ ምን ታጣላችሁ?» ብለው የመርፌ ቤት አድራሻ አስቀምጠዋል። ከአድራሻው በላይ ይህችን ይጨምሩልኝ፦ «እግርዎ በድንገት ከወደቀ መጀመሪያ ሐኪም ይይዎት። ሽንት አልመጣ ካለ ወይም ካመለጠ፣ በመቀመጫና በጭን መሐል ከደነዘዘ፣ ሁለቱም እግር አብሮ ከደከመ፣ ወይም ፊትና እጅ ከእግሩ ጋር ከዛለ፣ ነገ አይበሉ፤ አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።» ያ የታክሲ ሾፌርም ይህን የመሰለ ጽሑፍ ነው ያነበበው።